ኃላፊው የቀመሰው ውሃ

ትናንት ጠዋት በራችንን ያንኳኳችው ልጅ ከእኔ ብዙ የምትበልጥ አትመስልም። ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን በትከሻዋ አንግታለች፤ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ቀለሙ አይለይም። ጃንጥላዋን ደጅ ላይ አራግፋ፣ «እንዴት አደራችሁ» ብላ ገባች። ከሰፈራችን ጫፍ ጀምራ ቤት ለቤት እየወረደች፣ የተቅማጥና ትውከት በሽታ መከላከያ ክትባት ነው የምትሰጠው። መርፌ የለውም። የአውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ትከፈትና አፍ ውስጥ ትፈሳለች፤ በቃ፣ አለቀ።

«እማማ፣ አንዴ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለቻት እናቴን።

እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ገብስ እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺልኝ» አለቻት።

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «እኔማ ቢሮ ወስጃለሁ። ይሄ በልክ ነው የሚሰጠን፣ እማማ።»

«ቢሮ ስትወስጂ አላየሁሽም» አለች እናቴ፣ አንዲት ጠጠር ከገብሱ አውጥታ ወደ ደጅ እየወረወረች።

ልጅቷ አስታርቂኝ በሚል ዓይን እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ የበረዶ ሳጥኑን አየሁ። ትንሽ ቆመችና «ነገ እመለሳለሁ» ብላ፣ ከኪሷ ጠመኔ አውጥታ በራችን ላይ ምልክት አድርጋ ወጣች። የጎረቤቶቻችን በር ላይ ያለው ምልክት ሌላ ነው። የእኛው «መጥተን ሳንሰጥ ተመለስን» ማለት ነው። ዝናብ ከበሩ በላይ ባለው ክፈፍ እየተንጠባጠበ ጠመኔውን አይነካውም። ሳየው ዋልኩ።

እናቴ ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ። ያቺን ጭቃ የለበሰች ልጅ ለምን «ቅመሺ» እንዳለቻት ለመናገር፣ ሰባተኛ ክፍል የጨረስኩበትን ክረምት ማስታወስ ግድ ይለኛል።

ያኔ እናቴ፣ አስካለ፣ በሶ ትሸጥ ነበር። ጭሮ መናኸሪያ በር ፊት ለፊት አንድ ጠረጴዛ፣ ከላይ በገመድ የተወጠረ የሸራ ጥላ፣ ከጠረጴዛው ላይ ክዳን ያላቸው ጀጎች። ገብሱን ራሷ ትቆላዋለች፤ ወፍጮ ቤት ቆማ ታስፈጫለች፣ «የሌላ ሰው በርበሬ እንዳይገባበት» እያለች። በሶዋ ሲበጠበጥ መልኩ የክረምት ጎርፍ ነው፤ ሽታው ግን፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ከትኩስ ምጣድ የወረደ ቆሎ ላይ ማር እንዳፈሰሰ ሰው እጅ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚያልፍ አውቶቡስ እዚያ ጥግ ሲቆም፣ ተሳፋሪው ገና ከወንበሩ ሳይነሳ በመስኮት እጁን ያወጣል። ከበደሳ ለገበያ የሚመጡ ነጋዴዎችም ጠዋት ከመኪና ሲወርዱ መጀመሪያ እሷን ነው የሚፈልጉት። አባቴ ካረፈ ጀምሮ የምንበላውም፣ የምንለብሰውም ከዚያ ጠረጴዛ ነበር።

እናቴ አንድ ልማድ ነበራት። አዲስ ጀግ በበጠበጠች ቁጥር ለሰው ከመቅዳቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና በሰው ፊት ትቀምሳለች። ይህን የፈጠረችው እሷ አይደለችም። ድግስ ላይ ጠላ የሚያሳልፍ ሰው ቀምሶ ነው የሚሰጠው፤ «ክፉ ነገር ቢኖርበት በቅድሚያ እኔን» ማለት ነው። እናቴ ግን ለመንገደኛው ሁሉ ታደርገው ነበር፣ መንገደኛው ባይጠይቃትም፣ ባያያትም። መሐላ ነው፤ ድምፅ የሌለው መሐላ።

ከአጠገቧ ኦቾሎኒና ሙዝ የምትሸጠው አዴ ፋጡማ ግን በዚህ ነገር አታርፍም ነበር። አዴ ፋጡማ የመሰላ ሰው ናት። አማርኛዋ ውስጥ ኦሮምኛው እንደ ለውዝ ጣልቃ ጣልቃ ይገባል፣ ሳቋ ደግሞ መናኸሪያውን አልፎ አስፋልቱ ላይ ይሰማል።

«ያ አስካለ! ቀምሰሽ ቀምሰሽ ጀጉን ጨረስሽው እኮ! ትርፍሽን በመዳፍሽ ጠጣሽው!»

«አንቺስ ያን ጥርስሽን የጨረስሽው ኦቾሎኒ ስትቀምሺ አይደል?»

«ወላሂ አይደለም! ጥርሴን የጨረሰው ባሌ ነው፤ ለማይረባ ቀልዱ ስስቅለት ኖሬ!»

ከደንበኞቿ ሁሉ እናቴ የምትኮራበት አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ኃላፊው እንበለው። የጤናውንም የውሃውንም ነገር በከተማው ስብሰባ ላይ የሚናገር እሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮው ሲሄድ በጠረጴዛችን በኩል ያልፋል። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው በዚያ ጭቃ መሃል እንኳ የሚያበራ። ሲደርስ ቆሞ እጆቹን ወደ ኋላ ያጣምርና «ወይዘሮ አስካለ፣ ቅመሺልኝ! ሳትቀምሺ ብትሰጪኝ አሳስርሻለሁ» ይላል። እናቴ ትስቃለች፣ ትቀምሳለች፣ ትቀዳለታለች። በቁሙ ጠጥቶ ከንፈሩን በመሃረብ ይጠርግና ይሄዳል። ሁልጊዜ። እናቴ ለሰው ስታወራ «የኛ ኃላፊ» ነበር የምትለው። እኔም ትምህርት ቤት «የኛ ኃላፊ» እል ነበር፣ ልክ ቤታችን እንደሚያድር ዘመድ።

ያ ክረምት ሲገባ የተቅማጥና ትውከቱ ወሬ ከቆላው በኩል መጣ። በመጀመሪያ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት፤ እገሌ ጠዋት ደህና ነበር፣ ማታ ቆዳው እጥፍ ሲል እንደ ጨርቅ አልመለስ አለ። ከዚያ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነጭ ድንኳን ተተከለ። የበቆሎ እሸት ጠባሾች እሳታቸውን አጠፉ፤ ሰው ከጎዳና መብላት ፈራ። እናቴ የሰው ወሬ አልጠበቀችም። ከቦኖ የቀዳችውን ውሃ ሁሉ ማፍላት ጀመረች። ከሰል ከሰል እየነደደ ውሃው ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ በሶው ይበጠበጣል። በሶው ግን ጭስ ጭስ አለ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አንዴ ጎንጨት አድርጎ ብርጭቆውን እያየ «እትዬ፣ ይሄ በሶ ነው ወይስ የተቃጠለ ቤት?» አላት። አዴ ፋጡማ ሳቀች፣ እናቴም ሳቀች፣ ግን ከሹፌሩ በኋላ ብዙ ሰው አልመጣም። አንድ ቀን ጀጎቹን አጥባ ገለበጠቻቸውና «ይሄ ነገር እስኪያልፍ አልነካውም» አለች። የቀረንን የገብስ ዱቄት እኛው እንበላው ጀመር።

መንገዱም ፀጥ አለ። አውቶቡሶቹ ጭሮ ላይ መቆም ትተው ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ሆቴሎቹ፣ ምግብ ቤቶቹ፣ ጫት ተራው ሳይቀር ያጉረመርማል። ያን ጊዜ ነው ስለ ውሃው ለሕዝብ መግለጫ እንድናነብ ከትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ልጆች የተጠራነው። ትምህርት ዝግ ቢሆንም በአማርኛም በኦሮምኛም አሳምሬ ስለማነብ እኔ ተመረጥኩ። ደስታዬን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ዩኒፎርሜን እናቴ በከሰል ካውያ ተኮሰችልኝ፤ ፀጉሬን ጎረቤታችን ሠራችኝ።

ዝግጅቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ቦኖ ዘንድ ነበር። ያን ቀን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ጭቃው እንደ ዳቦ ሊጥ ያብጥና ይሰነጠቃል። ሕዝቡ ቢጫ ጀሪካኑን እንደያዘ ቆሟል። ኃላፊው ሐኪም ባይሆንም ነጭ ጋዋን ለብሶ መጣ። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«አንቺ ሰላም፣ የወይዘሮ አስካለ ልጅ አይደለሽም? በይ ብርጭቆውን የምታቀብይኝ አንቺ ነሽ።»

ለምን እኔን እንደመረጠ ያኔ አልጠየቅኩም። የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም፤ የኛ ኃላፊ ነዋ።

የተሰጠኝን ጽሑፍ አነበብኩ። የከተማችን ውሃ ታክሟል፣ ንጹህ ነው፣ ሕዝባችን ወሬ ሳይሰማ ወደ ሥራው ይመለስ ይላል። ከዚያ ኃላፊው ራሱ ቦኖውን ከፍቶ አንድ የመስታወት ጀግ ሞላ። ሁሉም አየ። ጀጉን አንድ ሰው ተቀብሎት ከኋላ ወዳለው፣ እስከ መሬት የሚደርስ ጨርቅ ወደለበሰው ጠረጴዛ ወሰደው። ንግግሩ ቀጠለ። ንግግሩ ሲያልቅ ከጠረጴዛው በኩል የተሞላ ብርጭቆ በትሪ ላይ መጣልኝ።

ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነበር። ውጭው በላብ ተሸፍኖ ጣቴ አዳለጠኝ። በዚያ ፀሐይ እንዴት ደስ ይላል ብዬ ጉንጬ ላይ ላስጠጋው እንኳ ቃጥቶኝ ነበር። የቦኖው ቧንቧ ግን ከመሬት በላይ ተጋልጦ ነው የሚመጣው፤ ፀሐይ በወጣች ቀን ውሃው ለብ ይላል። ይህን ጀሪካን ስቀዳ ያደግሁ ልጅ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን እጄ የነገረኝን ጭንቅላቴ አልሰማውም።

ኃላፊው ብርጭቆውን ተቀበለኝ። ወዲያው አልጠጣውም። መዳፉን ዘረጋ፣ ጠብ አደረገና ቀመሰ። ልክ እንደ እናቴ። አንገቷን ሰበር የምታደርገውን እንኳ ሳይቀር አንገቱን ሰበር አድርጎ። ሕዝቡ መሃል የሆነ ነገር ሲላላ ተሰማኝ፤ አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ የያዘውን ትንፋሽ ሲለቅ እንደሚሰማው። ከዚያ ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጥቶ ገለበጠው።

«ማሻ አላህ! ቀመሰ እኮ!» አለች አዴ ፋጡማ፤ አንዲት ሴት እልል አለች።

«ወይዘሮ አስካለ የት አለች?» አለ ኃላፊው ከንፈሩን በመሃረቡ እየጠረገ። እናቴ ከኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። «አየሽኝ አይደል? ነገ በሶሽን ልጠጣ እመጣለሁ። የከተማችንን ሰው በሶ አታስናፍቂው!»

ሰው አጨበጨበ። እናቴ አንገቷን ደፋች፤ እስከ ጆሮዋ ደስ ብሏት እንደነበር ከሩቅ ያስታውቃል። ማታ ጀጎቹን ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር። «በሰው ፊት ቀምሶ የሚዋሽ ሰው አልተወለደም» አለችኝ። ከሰል አላቀጣጠለችም።

በማግስቱ ጠዋት ጥላው ተወጠረ። እናቴ ከቦኖ የተቀዳውን ውሃ ጨምራ፣ ጀጉን እንደ ሕፃን አቅፋ ናጠችው፤ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። የመጀመሪያዋ ጠጪ አዴ ፋጡማ ነበረች። «አልሐምዱሊላህ፣ የተቃጠለው ቤት ጠፋ!» ብላ ደገመች። እኔን እናቴ ላከችኝ፣ ለጎረቤት ሽንኩርት ልገዛ፤ ስመለስ ነው ኃላፊውን ያየሁት። በእኛ በኩል አልነበረም። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ይሄዳል።

«ጋሼ!» አለች እናቴ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ። «ቃልዎ የት ሄደ?»

ቆመ። እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። «ዛሬ ጨጓራዬ ተነስቶብኛል ወይዘሮ አስካለ። ሌላ ቀን!»

«እንዴ?» አለች አዴ ፋጡማ እሱ ካለፈ በኋላ። «ጨጓራ ያመመው ሰው ሁሉ ወዳንቺ አልነበረም እንዴ የሚመጣው? በሶ ለጨጓራ መድኃኒት ነው ስትሉ አልነበር?»

«ቸኩሎ ይሆናል» አለች እናቴ። ለእሱ የቀዳችውን እሷ ጠጣችው።

ብዙም አልቆየም። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ እናቴ ከሽንት ቤት መመለስ አቅቷት ግድግዳውን ይዛ አገኘኋት። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ድምፅዋ የእሷ አይደለም። የሰፈራችን ባለ ባጃጅ ጀማል ነው ያደረሰን። ሰው ሁሉ በሽተኛ ለመጫን በሚፈራበት ሰዓት እሱ «አቦ፣ ግቡ ዝም ብላችሁ!» ብሎ ወንበሩ ላይ ላስቲክ አነጠፈ። መንገዱን ሙሉ ዝናቡ በጎን እየገባ እናቴን ያረጥባታል፤ እኔ ሁለት እጇን ይዤ ስሟን እጠራለሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት አልጋዎች ለተቅማጡ ተብሎ መሃላቸው የተቀደደ የሸራ አልጋዎች ናቸው፤ ከሥራቸው ባልዲ ተቀምጧል። በረኪናው ዓይን ያቃጥላል። እናቴን ሲያስተኟት ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ የማውቀውን ሻሽ አየሁ። አዴ ፋጡማ ቀድማን ገብታ ነበር። ሳቋ የሌለ ፊቷን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ ምን ያህል ትንሽ ሴት እንደሆነችም።

ግሉኮስ ሲተከልላቸው አስወጡኝ። ጀማል ደጅ ላይ ባጃጁን በበረኪና እያጠበ ነበር። ለመናገር ብቻ ተናገርኩ።

«በሽታውን ከየት አመጣችው? ውሃው እኮ ታክሟል። ኃላፊው ራሱ ቀምሶ ነው የጠጣው።»

ጀማል ጨርቁን መጭመቅ አቆመ። «የቱን ውሃ?»

«የቦኖውን። ብርጭቆውን እኔ ነኝ ያቀበልኩት።»

ወደ ድንኳኑ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰላም፣ የጠጣውን ውሃ እኔ ነኝ በባጃጅ ያመጣሁት። ከሆቴል ፍሪጅ፣ የታሸገ። እኔ ለእንግዳ መስሎኝ። ጨርቁን ገልጠው ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ጀግ ውስጥ ሲገለብጡት አየሁ። 'ማከሚያው ኬሚካል ገና መንገድ ላይ ነው፣ እስኪደርስ ሰው ይረጋጋ' ይባባሉ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን?» አለኝ።

ለማን? የሚነገረው ለኃላፊው ነበር እኮ።

እናቴ መናገር ስትችል ነገርኳት። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ግን ፊቴን አይታ «ምንድነው?» አለችኝ፣ እናቴ ደግሞ እንዲህ ስትል መደበቅ የለም። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ብርጭቆውን ስትይዢው ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ለብ ያለ?»

«ቀዝቃዛ» አልኳት።

ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። ከጎኗ አዴ ፋጡማ ሰምታለች፤ የምትቀልድበት ቃል ፈልጋ እንዳጣች በከንፈሯ አየሁ። ቀስ ብላ፣ «ያ አስካለ፣ እኔ የጠጣሁት ያንቺን መዳፍ አይቼ ነው። አንቺ የጠጣሽው የሱን መዳፍ አይተሽ ነው» አለች። ወቀሳ አልነበረም። ግን እናቴ ብርድ ልብሱን ሳበችና ተሸፈነች።

እናቴና አዴ ፋጡማ ሊወጡ ሲቃረቡ ኃላፊው ድንኳኑን ሊጎበኝ መጣ። ከኋላው ፎቶ አንሺ ነበር። አፉን ሸፍኗል፣ ጫማው ላይ ላስቲክ አጥልቋል። እናቴን ሲያይ ለአንድ አፍታ እግሩ ተያዘ፤ ከዚያ ድምፁን አስተካክሎ «አይዞሽ ወይዘሮ አስካለ! መንግሥት ከጎናችሁ ነው» አለ።

እናቴ ከአልጋው ጫፍ ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች። ራስጌዋ ላይ ውሃ ያለበት ኩባያ ነበር። በሁለት እጇ አነሳችውና ወደ እሱ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ ይቅመሱልኝ።»

ነርሷ ሥራዋን ትታ ቆመች። ኃላፊው ኩባያውን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከእሷ ትከሻ በላይ እኔን አየ። ማወቃችንን ያን ጊዜ አወቀ። ዓይኑ ውስጥ አፍረት ፈልጌ ነበር፤ ልጅ ነበርኩና አፍረት ብቻ ባገኝ ይበቃኝ ነበር። ያየሁት ግን መቸኮልን ነው።

«ይሄ ለታካሚ የተዘጋጀ ነው» አለና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። እናቴ ኩባያውን እንደዘረጋች ትንሽ ቆየች፤ ክንዷ ሲደክም መለሰችው።

ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ይረሳ ነበር። ቤት በገባን በሰሞኑ ግን ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት መኪና ሰፈር ለሰፈር ዞረ። በሽታው የተዛመተው ንጽሕና በጎደላቸው የጎዳና መጠጥ ሻጮች ምክንያት ነው፣ በሶ፣ ብርዝና ጭማቂ መሸጥ ክልክል ነው ይላል። አነጋገሩን አውቀዋለሁ፤ እኔ ካነበብኩት ጽሑፍ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሁለት ሰዎች መጥተው የእናቴን ጀጎች ወሰዱ። ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ቆሞ አየ። እናቴ «የኃላፊውን ውሃ ነው የጠጣሁት» ብትል ማን ይሰማታል? ሕዝቡ ኃላፊው ሲቀምስ በዓይኑ አይቷል። ሲያልፉ ከጠረጴዛችን በኩል ዞር የሚሉ ነበሩ። በስንት ዓመት ያገኘችው የመንገደኛ እምነት በአንድ ማጉያ ተወሰደ።

ኬሚካሉ በኋላ ደረሰ፤ ውሃው ታከመ፤ በሽታው አለፈ። ኃላፊው ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ፣ ከፍ ብሎ ነው ይባላል። እናቴ በሶ ዳግመኛ አልበጠበጠችም። አሁን ቆሎ ነው የምትሸጠው፤ ደረቅ ነገር፣ ውሃ የማይነካው።

ዛሬ ጠዋት የክትባቷ ልጅ እንዳለችው ተመልሳ መጣች። አዴ ፋጡማ ቤታችን ነበረች፣ ከእናቴ ጋር ገብስ እየለቀመች። አርጅታለች፣ ሳቋ ግን ተመልሷል። ልጅቷ ሳጥኗን መሬት ላይ ስታስቀምጥ እኔ ቀድሜ ተነሳሁ።

«ለእኔ ስጪኝ።»

ብልቃጧን ከፈተችልኝ። ዋጥኩት፤ መራራም ጣፋጭም ያልሆነ፣ ሳንቲም የላሱ የሚመስል። የቀረችውን ጠብታ መዳፌ ላይ አድርጌ፣ እናቴ እንድታየኝ እጄን ዘርግቼ፣ እሷንም ቀመስኩ። እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። የጉሮሮዬን መውረድ ነበር የምታየው።

«ቀዝቃዛ ነው ወይስ ለብ ያለ?» አለችኝ።

«በበረዶ ነው የሚያዘው እማማ» አለች ልጅቷ ፈጠን ብላ። «ካልቀዘቀዘ ይበላሻል።»

«አንቺን አልጠየቅኩም፣ ልጄ።»

ክትባቱ ደህና እንደሆነ አውቃለሁ። ይህች ልጅ ከቤት ቤት በጭቃ የምትሄደው ልታታልለን እንዳልሆነም አውቃለሁ። «ለብ ያለ ነው» ብላት እናቴ አፏን ትከፍት ነበር፤ አንዲት ትንሽ ቃል፣ ለእሷው ደህንነት፣ እስክትረጋጋ ብቻ። ቃሏ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ያን ጊዜ ነው ኃላፊው ቦኖው ዘንድ ቆሞ ምን ብሎ ራሱን እንዳሳመነ የገባኝ፤ መዳፌን በቀሚሴ ጠረግሁ።

«ቀዝቃዛ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

አዴ ፋጡማ «ቢስሚላህ» ብላ አፏን ከፈተችና የእሷን ወሰደች። አፏን ጠርጋ ስትጨርስ ወደ እናቴ ዞረች። «ያ አስካለ፣ ልጅሽ እኮ ቀመሰች! ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እናቴ ሰፌዱን መልሳ አነሳች። አልተቆጣችም፤ ስለ ዝናቡ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረችው።

«ያን ቀንም ብርጭቆውን የያዘችው እሷ ነበረች።»

ልጅቷ ምን እንደተባለ አልገባትም። ማን ከእሷ በፊት በዚህ በር እንዳለፈ አታውቅም፤ ኃላፊው የወሰደውን እምነት እሷ ናት አሁን ቤት ለቤት እየዞረች የምትለምነው። ጠመኔዋን አወጣች። ከትናንቱ ምልክት ጎን ሌላ ጨመረችና፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ «ነገም እመጣለሁ» አለችኝ። ጃንጥላዋን ዘርግታ ቁልቁለቱን ስትወርድ እስክትታጠፍ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት።

ምልክቶቹን አላጠፋኋቸውም። ነገ ስትመጣ እናቴ ምን እንደምትል አላውቅም። እንደገና ብትጠይቀኝ ግን አሁንም ቀዝቃዛ ነው እላታለሁ።